ኩፍ የማይል ሊጥ

ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ሽማግሌ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። ናቸው እላለሁ እንጂ አሁን የሚያወጡት ዳቦ ለጉንዳን ቁርስም አይበቃ። ትልቁ የአውራ ጣቴን ጥፍር ቢያክል ነው፤ ትንሹን ለማየት ደግሞ ክር በመርፌ ለመክተት ብቻ የማወጣውን መነጽር ማድረግ አለብኝ። በሕንፃችን ከሕፃን እስከ አዛውንት «ጋሼ ዳቦ» ነው የሚላቸው። ለሌላው ሰው የዳቦ ስም ይወጣለታል፤ ለእሳቸው ዳቦው ራሱ ስም ሆነላቸው። ሚስታቸውን እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። በሮቻችን ፊት ለፊት ስለሆኑ እኔ እዚህ ሳስነጥስ እነሱ እዚያ «ይማርሽ» ይሉኛል።

ጋሼ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከመንገዱ ማዶ ባለው ዳቦ ቤት ነው። እኛ ዓይናችንን ስንገልጥ እሳቸው የቀኑን ግማሽ ሥራ ጨርሰው፣ ቅንድባቸው በዱቄት ነጭ ሆኖ፣ ትኩስ ዳቦ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ደረጃውን ይወጡ ነበር። እትዬ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጋሼ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ዳቦውን በእጃቸው ገምሰው ጠርዙን፣ ያን ደረቅ ቡናማውን፣ ለሚስታቸው ይሰጣሉ። እትዬ እዚያው ቆመው ይበላሉ። ይህን ለማየት ቆሻሻ የምደፋ መስዬ ስንቴ እንደወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ቆሻሻ የሌለኝ ቀን ባዶ ባልዲ ይዤ ወጥቻለሁ።

በኋላ ደረታቸው እምቢ አለ። ሳሉ ጠናባቸው፤ ሲተነፍሱ ዘይት እንደጎደለው የእኔ የስፌት መኪና ይንቋቋሉ። ሐኪሙ ነገር አላበዛም። የዱቄት ብናኝ ሳንባዎን በልቶታል፣ ከእንግዲህ ዱቄት ያለበት ቤት እንዳይገቡ፣ አላቸው። ዳቦ ቤቱን የቀድሞ ረዳታቸው ተረከበው፤ ያኔ ረዳት ይባል እንጂ አሁን ቦርጫም የልጆች አባት ነው። ጋሼ ቁልፉን አስረክበው ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ለእትዬ እንዲህ አሏቸው፦

«ከዛሬ ወዲያ እጄ ያልነካው ዳቦ እቤቴ አይገባም።»

ሰው ሲከፋው ብዙ ይናገራል፣ አድሮም ይረሳዋል። ጋሼ ግን ሊጥም ቢሆን ቃልም ቢሆን አንዴ ከያዙ አይለቁም። እትዬ ቃላቸውን አክብረው ሩዝና ድንች እያፈራረቁ መቀቀል ያዙ። ጋሼ በዳቦ ቤቱ በኩል ማለፍም ተዉ። መድኃኒታቸውን ለመግዛት ሲወጡ በጓሮ በኩል ዞረው፣ በልብስ አጣቢው በኩል፣ ያን ሁሉ መንገድ ይሄዳሉ።

እጃቸው ግን ማረፍ አልቻለም። ተኝተው ትራሱን ያሻሉ። ጋዜጣ በውሃ አርጥበው አቦኩ። የሻማ ቅሪት አሙቀው አቦኩ። አንድ ቀን እኔ ቤት ቁጭ ብለን ስናወራ የመርፌዬን መሰኪያ አንስተው ማሸት ጀመሩ፤ ያቺን ቀን የወጣቸውን ስድብ አልጽፈውም። እትዬ በነጋታው ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሄዱ።

«የሚቦካ ነገር ይኖርሃል ልጄ?» አሉት ባለ ሱቁን።

«ለልጅ ነው እማማ? ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሰባ ሊደፍን ነው።»

ባለ ሱቁ የሰጣቸው ፖሊመር ክሌይ የሚባለውን ነው። በየቀለሙ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ጭቃ የሚመስል ፕላስቲክ። ሲያሹት ይለሰልሳል፤ የሰጡትን ቅርጽ ይይዛል፤ ኦቨን ውስጥ በለስላሳ እሳት ሲቆይ ይጠነክራል። ባለ ሱቁ ይህን ሁሉ በደንብ አስረድቷቸዋል። እትዬ ግን ለባላቸው ያደረሱት «ይቦካል፣ ይጋገራል» የሚለውን ብቻ ነው።

በማግስቱ በራቸው ክፍት ነበርና ዘልቄ ገባሁ። ጋሼ ጭቃውን አቡክተው፣ አድቦልቡለው፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ አስቀምጠውታል። ራሳቸውም ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«ምን እየጠበቁ ነው ጋሼ?»

«ኩፍ እስኪል ነዋ።»

«ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። ጨርቁን ግን አላነሱትም። እኔም ልቤ አልቻለም፤ ሌላ ወንበር ስቤ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ሁለታችን እንደ ሞኝ ቁጭ ብለን ኩፍ የማይል ሊጥ ጠበቅን።

አልበቃ ብሏቸው ዳቦ በሚጋገርበት ኃይለኛ እሳት ጋገሩት። ጭሱ ደረጃውን ሞላው፤ ሕንፃው ሁሉ ጎማ የተቃጠለ መስሎት ወደ ታች ወረደ። እኔ እርጥብ ፎጣ ይዤ ስደርስ እትዬ መስኮት ይከፍታሉ፣ ጋሼ እየሳሉ ከኦቨኑ ውስጥ የጫማ ሶል የመሰለ ጥቁር ነገር ይጎትታሉ።

«ይህን የጋገረ እጅ ከዳቦ ቤት መባረሩ ሲያንሰው ነው» አሉ ጋሼ። ከዚያ ሳቁ። ሳቁና ሳሉ ተቀላቅሎ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋን። ዳቦ ቤቱን ከለቀቁ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ሥራውን ያዙት። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ አንድ ጥግ ወረሱ። መሣሪያቸው ምላጭ፣ ከእኔ የተወሰደ መርፌ (ተበደርኩሽ ነው የሚሉት)፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ እና የተጨማደደ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ነው። ነጩን፣ ቢጫውንና ቡናማውን ጭቃ እየቆነጠሩ ያዋሕዱታል። በጥርስ ብሩሹ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉት የዳቦ ቆዳ ይሆናል። ውስጡን በመርፌ ጫፍ ሲያፈታቱት ልክ እንደተገመሰ ዳቦ ይበሳሳል። ኦቨን ከመግባቱ በፊት ባለቀለም ጠመኔ በምላጭ ፍቀው፣ ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ዳቦው ጀርባ ላይ ይቀቡታል፤ እሳት የላሰው ይመስላል።

በመጨረሻ ነጭ ጠመኔ ይፍቃሉ። እትዬ ይህን አይወዱም፤ «ደረትህን ሰውዬ» ይላሉ። ጋሼ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ያቺን ቅንጣት ነጭ እንደ ዱቄት በሁለት ጣታቸው ዳቦው ላይ ይበትኗታል። እጃቸው ግን ትንሽ አይበትንም። ክንዳቸው ከትከሻው ይነሳና ጠረጴዛውን ሙሉ ያካልላል፤ የአንድ ሌሊት ሊጥ የተዘረጋላቸው ይመስል። ይህን ሳይ ቀልዴ ሁሉ ይጠፋብኛል።

አንድ ነገር ግን አልሆን አላቸው፤ ቀለሙ። ቅርጹ ዳቦ ነው፣ መልኩ ግን ወይ ይቀላል ወይ ይገረጣል።

«ግንበኛ ሆኑ እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ይሄ እኮ ጡብ ነው።»

አልሳቁም። «አየሽ፣ እጅ አይረሳም። ከዳተኛው ዓይን ነው። በሕልሜ አየዋለሁ፤ ስነቃ ቀለሙ ብቻ ተለይቶ ይጠፋኛል። የልጅነት ጓደኛሽ መልክ ድንገት ሲጠፋብሽ ታውቂያለሽ? እንደሱ።»

«ታዲያ ከማዶ አንድ ዳቦ ገዝተን አጠገቡ አድርገን ብናየውስ?»

እትዬ ከኋላቸው ሆነው በዓይናቸው ገረፉኝ። ጋሼ ምላጩን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ብያለሁ እኮ» አሉ።

የእትዬ ግርፊያ ግን ለጋሼ ተቆርቁረው ብቻ እንዳልነበረ ልንገራችሁ። ጋሼ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላሉ። ትንፋሻቸው ሲረጋ እትዬ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ኮሪደሩን በእግር ጣታቸው ያቋርጡና እኔ ቤት ይገባሉ። እኔ ጠዋት ጠዋት ከማዶ ዳቦ እገዛለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ካውያ ያቃጠለው ሰማያዊ ላስቲክ ላይ፣ ቆርጬ አቀርብላቸዋለሁ።

አበላላቸው እንደ ማንም አይደለም። መጀመሪያ ጠርዙን ዙሪያውን እንደ አይጥ ይቀረጥፉታል። የሚቀረውን ለስላሳ ውስጡን በጣታቸው አድበልብለው፣ አተር የምታክል እንክብል ሠርተው ሳህኑ ጫፍ ላይ ያስቀምጧታል። አይበሏትም።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» እላቸዋለሁ።

«ዝም ብለሽ ቁረጪ» ይሉኛል።

አንድ ቀን ግን ጠርዙን ሳይጨርሱ ሳህኑ ላይ መለሱት። ጥርሳቸውን ያመማቸው መሰለኝ።

«ምነው እትዬ፣ ደረቀ?»

«ዳቦው ምን አለበት። የናፈቀኝ እኮ ዳቦ አይደለም፤ እሱ ገምሶ ሲሰጠኝ ነው። እንዲህ በቢላ ተቆርጦ ሲቀርብልኝ ሆስፒታል የተኛሁ ይመስለኛል። አንድ ቀን፣ ከመሞታችን በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን እሱ ገምሶ ቢሰጠኝ ሌላ ምንም አልፈልግ።»

«ይንገሯቸዋ።»

«ያን ቃል ሲናገር ፊቱን አላየሽም። እኔ አይቻለሁ። ያቺን ፊት ዳግመኛ ከማይ ድንቼን ብበላ ይሻለኛል።»

ከዚያ ተነሱ። እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ሹራባቸውን አራገፉ፣ ቅርንፉድ አንድ ፍሬ ጉንጫቸው ሥር ወሸቁ። ዕድሜ ልኩን ዳቦ ያሸተተን አፍንጫ በአንድ ፍሬ ቅርንፉድ ሊያታልሉ! አልነገርኳቸውም እንጂ ሹራባቸውም ከዳተኛ ነው፤ ጸጉራም ክር ስለሆነ ቢያራግፉትም ፍርፋሪ ይዞ ይቀራል።

ክረምቱ ሲወጣ ጋሼ በሬን አንኳኩ። መዳፋቸው ላይ አንዲት ዳቦ አለች። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ጀርባዋ ቡናማ ነው፤ ወደ ጎኗ ወርቃማ ይሆንና አንድ ጎኗ ደግሞ ነጣ ብሎ የተቀደደ ነው። ከጎረቤቷ ዳቦ ጋር ተጣብቃ ተጋግራ ሲለያዩ የቀረ ጠባሳ ይመስላል። ምራቄ መጣ።

«አሁን ይህችን ብጎርሳት ማን ይጠይቀኛል?»

«ጥርስሽ» አሉ።

«ቀለሙ ከየት ተገኘ?»

«መጣ» አሉና መዳፋቸውን ዘጉ።

በነጋታው ወጥ ቤታቸው ስገባ ከምላጩ አጠገብ አንዲት የክብሪት ሳጥን ግማሽ ተከፍታ አየሁ። ጋሼ በክርናቸው ገፋ አድርገው ዘጓት። ሳንባው የታመመ ሰው ክብሪት ምን ያደርግለታል ብዬ ትንሽ አሰብኩ፤ ከዚያ የእኔ ነገር፣ ረሳሁት።

ብዙም አልቆየ፣ ጋሼ ስጦታ አለኝ ብለው ጠሩኝ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጋደም የሚሉበት ሰዓት። እትዬ ያኔ ወደ እኔ ሊመጡ ሹራባቸውን ደርበው ነበር መሰለኝ፣ እንደለበሱ ከምድጃው አጠገብ ቆመዋል። ጋሼ አንድ የጫማ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንድ ጎኑ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ወደ ውስጥ ይታያል።

ውስጡ የእኔ ቤት ነው።

ጠረጴዛዬ አለ። ሰማያዊው ላስቲክ አለ፤ የካውያው ቃጠሎ ሳይቀር። የስፌት መኪናዬ በግድግዳው በኩል፣ ከጥቁር ጭቃ። ሁለት ብርጭቆ። መካከሉ ላይ ዳቦ፣ በቢላ የተቆረጠ። ከፊቱ ሦስት ሳህን። አንደኛው ላይ ሙሉ ቁራሽ። ሁለተኛው ላይ ጠርዙ ዙሪያውን የተቀረጠፈ ቁራሽ፤ ከጎኑ፣ መርፌ ራስ የምታክል አንዲት እንክብል።

ተደብቃ የፀነሰች ሰው ሰብስባ ትወልዳለች ይባላል። እኛን ሰብስበው ያስወለዱን ጋሼ ናቸው።

እትዬ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ሲሉ ጆሯቸው ቀልቷል።

«ይሄን ማን ነው የበላው?» አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

«አይጥ» አሉ ጋሼ። «ጫማዋን በእጇ ይዛ ጎረቤት የምትሄድ አይጥ።»

እኔ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን የስፌት መኪናዬን ጎማ አተኩሬ ማየት ያዝኩ።

«ከመቼ ጀምረህ ነው የምታውቀው?»

ጋሼ መሳቢያውን ስበው የክብሪት ሳጥኗን አወጡና ከፈቱ። ፍርፋሪ ነው። ደቃቅ፣ ቡናማ፣ ወርቃማ፣ ነጣ ያለ፤ እያንዳንዱ በየቀለሙ ተለይቶ። አንዱ ላይ ከእትዬ ሹራብ የተነቀለ ክር ተጣብቆበታል።

«ቀለሙን ያገኘሁት ካንቺ ሹራብ ነው። ሌሊት ወንበሩ ላይ ስታንጠለጥዪው በመርፌ እየለቀምኩ።»

«እንቅልፍ ይወስድሃል ብዬ...»

«ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ተቆጥተህ ነው?»

ጋሼ ሳጥኗን በጣታቸው አዞሯት። ለእትዬ ሳይሆን ለሳጥኗ የሚናገሩ ይመስላሉ።

«ብናገር ትተይዋለሽ። ያን እልኸኛ ቃል እንደያዝሽልኝ ይሄንንም ትይዥልኛለሽ። እኔ ደግሞ...» ትንሽ ተነፈሱ፤ ደረታቸው ተንቋቋ። «ስትመለሺ በሩን ስትከፍቺ አብሮሽ ይገባ ነበር። ሽታው። እኔ እዚያ ተኝቼ እሱን ነበር የምጠብቀው። አንቺ ደግሞ ቅርንፉድ ትጨምሪበታለሽ።»

እትዬ የሹራባቸውን ጫፍ ይዘው ይጠቀልሉታል፣ ልክ እንደ እንክብሏ።

እኔ ዝምታ ስለማልችል ሦስተኛውን ሳህን ጠቆምኩ። ባዶ ነው፤ ብቻውን ከሌሎቹ ራቅ ብሎ።

«ይሄስ የማን ነው ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ያልተጠራ ሰው ይሆናል።»

«ከተጠራ ይመጣል?»

«እኔ ዳቦ እቤቴ አይገባም አልኩ እንጂ፣ ዳቦ ያለበት ቤት አልገባም አላልኩም። ሐኪሙም የከለከለኝ ዱቄት ነው።»

እትዬ ቀና አሉ። «ይህን እያወቅህ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ድንች ያበላኸኝ?»

«አንቺ ድንቹን የት በላሽው» አሉ ጋሼ።

በነጋታው ከማዶ ዳቦ ስገዛ እንደ ሐብሐብ እያገላበጥኩ መረጥኩ፤ ባለ ዳቦ ቤቱ ሰርግ አለብሽ ወይ አለኝ። ከምሳ በኋላ ሁለቱም መጡ። እትዬ ጫማቸውን እግራቸው ላይ አድርገው ነበር የመጡት። ጋሼ ጸጉራቸውን በውሃ አስተኝተዋል፤ ልጅ ሊያጩ የሄዱ ሽማግሌ ይመስላሉ።

ቢላ ሳቀርብ በእጃቸው ገፉት። ዳቦውን አነሱ። ገለበጡት፣ ሆዱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ቸኩሏል» አሉ። ረዳታቸውን ነው። «ሁልጊዜ ይቸኩላል። ትንሽ ቢታገሰው...» አልጨረሱትም። ዳቦውን በሁለት እጃቸው ይዘው ክብደቱን መዘኑ። ከዚያ ገመሱት። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ያን ድምፅ ሰማሁት። ጠርዙን ለይተው ለእትዬ ዘረጉላቸው።

እትዬ ተቀበሉ። ግን ወዲያው አልበሉም፤ በሁለት መዳፋቸው ይዘው ያዩታል።

እኔ ባልዲዬን አነሳሁ።

«ቆሻሻ ልድፋ» አልኩ።

«ባዶ ነው እኮ» አሉ ጋሼ።

«ባዶውን ስደፋው ስንት ዓመቴ» አልኩና ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ባዶ ባልዲ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ስመለስ እትዬ ጠርዙን ጨርሰዋል። ሳህናቸው ላይ እንክብል የለችም፤ ለስላሳ ውስጡን ጋሼ ናቸው ያኝኩ የነበሩት፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። በዚያ ሰዓት ተኝተዋል ብዬ አልተታለልኩም።

ሲነሱ የጋሼ ሹራብ ደረቱ ሙሉ ፍርፋሪ ነበር። እትዬ ሊያራግፉላቸው እጃቸውን ሲያነሱ ጋሼ ያዟቸው።

«ተይው» አሉ። «ቀለም ነው።»

ኮሪደሩን ሲያቋርጡ በሬን ሙሉ በሙሉ አልዘጋሁም። ይሄማ አመሌ ነው። እትዬ ቀድመው ገቡ። ጋሼ በሩ ላይ ቆም አሉ፤ ወደ ኋላ ዞር ብለው ደረጃውን ወደ ታች፣ ዱሮ በማለዳ ይወጡበት የነበረውን፣ ተመለከቱ። ከዚያ ማንም የማያያቸው መስሏቸው ዳቦ የገመሱ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው አነሱ፣ አፍንጫቸውን ቀበሩባቸው፣ ደረታቸው የቻለውን ያህል ሳቡ። ሳል አልመጣም። እጃቸውን ሳያወርዱ፣ በትከሻቸው በሩን ገፍተው ገቡ።